ከፓርክ ውጭ ያለውን ነብር ማን ይቆጥረዋል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፣ ኮሶዬ አካባቢ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነው። ባለፈው ሰኔ በአንድ ሌሊት ከአባቴ ጉረኖ ሰባት ፍየሎች ተገድለው አደሩ፤ የተበላው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን ነብር እንደሆነ፣ እንዲያውም ሦስት አራት ሆነው እንደሚዞሩ ይናገራሉ። ከሞቱት ፍየሎች የአንዱን ሥጋ መርዘን እናስቀምጥ ያሉም ነበሩ፤ አባቴ እምቢ ብለው አስቀሩት። እኔ መምህር በመሆኔ ሰዉ መላ እንዳመጣ ይጠብቃል። ነብር መሆኑን፣ ስንት መሆናቸውንስ በምን እናውቃለን? ምንስ እናድርግ?» — አንድ መምህር

መልስ፦ አባትዎ ደግ አድርገዋል፤ ከዚሁ እንጀምር። ሥጋ ላይ የተደረገ መርዝ በላተኛውን አይመርጥም። ነብሩ ከመድረሱ በፊት ጅቡና የመንደሩ ውሻ ይቀምሱታል፤ በማግሥቱ ደግሞ በእነዚህ በድን ላይ የሚያርፈው ጥንብ አንሳ ያልቃል። በሕግም ቢሆን የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልን የሚከለክለው በፓርክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን እርስዎ በሚኖሩበት ገደል ጭምር ነው።

ሰባት ተገድሎ አንድ መበላቱ ወደ ነብር የሚያመለክት ነገር ነው። ነብር ጠባብ ጉረኖ ውስጥ ገብቶ ፍየሎቹ መውጫ አጥተው ሲተራመሱ፣ ቢጠግብም እንቅስቃሴው ራሱ ያነሳሳውና የደረሰበትን ሁሉ ይጥላል። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። ዳግም እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፣ ሥጋው ከመነሣቱ በፊት የፍየሉን አንገት ጠጉሩን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። ነብር ጎሮሮ ወይም ማጅራት ይዞ አንቆ ስለሚገድል የጥርሱ ቀዳዳዎች እዚያው ተሰብስበው ይገኛሉ፤ የገደለውንም ብዙ ጊዜ ወደ ጥሻ ይጎትተዋል ወይም ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ጅብ ግን ከሆድና ከታፋ ይዘነጥላል፣ አጥንቱንም ሳይቀር ይሰባብራል። በአካባቢው ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ኩስ ካገኙ የጅብ ነው፤ ነጭ ያደረገው የበላው አጥንት ነው።

ሰኔ ጭቃው ዱካ የሚይዝበት ወር በመሆኑ ዕድለኛ ነበሩ። የነብር ዱካ ክብ ያለ ነው፤ አራት ጣት ይታያል፣ የጥፍር ምልክት ግን የለውም፤ ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባልና። የመዳፉ የኋላ ጠርዝም ሦስት ቦታ የተከፈለ ይመስላል። በጅብና በውሻ ዱካ ላይ የጥፍሩ ጫፍ ከጣቶቹ ፊት ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታተማል። ስልክዎን ከላይ ቀጥ አድርገው ይዘው ፎቶ ያንሡ፤ ከዱካው አጠገብም ባለ አንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። ያለ ሳንቲሙ የድመት ዱካም የነብር ያህል ሆኖ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ዓምድ «ነብር ነው» ተብሎ ከተላኩልን ፎቶዎች አንዱ ጥርኝ ሆኖ መገኘቱን ስናስታውስ፣ በወሬ የሚቆጠረው ነብር ምን ያህል በአነርና በጥርኝ እንደሚበዛ እንገምታለን።

«ሦስት አራት ሆነው» የሚለውን በጥንቃቄ መስማት ያሻል። ነብር ለብቻው የሚኖር እንስሳ ነው። አንድ ላይ የሚታዩት እናትና ልጆቿ ሲሆኑ ነው፤ ግልገሎቹም ከአንድ ዓመት በላይ አብረዋት ይቆያሉ። ስለዚህ በእርግጥ ሦስት ታይተው ከሆነ ያዩት አንድ ቤተሰብ ነው፤ ካልሆነ ጅቦች ናቸው፤ ያም ካልሆነ አንዱ ነብር በሦስት ሰው አፍ ሦስት ሆኗል።

የሚደረገው ነገር ከሁሉ በፊት ጉረኖው ነው። በደረት ልክ የታጠረ እሾህ ጅብን ሊያግድ ይችላል፤ ነብር ግን ይዘለዋል። ለዓይነ ምድር እንኳ ጣሪያ የምንሠራ ሰዎች ለፍየሎቻችን ጣሪያ መንፈጋችን ይገርመናል። የጉረኖውን ላይ በግንድና በእሾህ ይክደኑት፤ በሩ በአጋም ቅርንጫፍ ተደግፎ የሚያድር ከሆነም በጣውላ ይለውጡት፤ ግልገሎቹን ቤት ያስገቡ። ፍየሎቹ ጀምበር ሳትጠልቅ ከገደሉ ጥሻ ይውጡ። ከዚህ ባሻገር ሰስ፣ ድኩላና ሽኮኮ በወጥመድ እየተለቀሙ ባለቁበት ገደል ነብሩ ወደ ፍየል መዞሩ አይቀርም።

ከዚያ ደብተር ይክፈቱ። ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ የታየውን፣ የጉረኖውን ሁኔታና ማን እንዳየው ይጻፉ። ምንም ያልታየባቸውን ሳምንታትም አይዝለሉ፤ ጥቃት ብቻ የተመዘገበበት ደብተር ነብሩ ሁልጊዜ እንዳለ ያስመስላልና። የአንድ ዓመት መዝገብ ይዘው ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ወይም ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራን ቢያቀርቡ፣ ጥናት የት እንደሚጀመር ራስዎ አመለከቱ ማለት ነው። መምህር መሆንዎም ይረዳል፤ ገደሉን ከማንም በላይ የሚያውቁት እረኞች ተማሪዎችዎ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ነብር ሌሊት የሚንቀሳቀስና የማይታይ ከሆነ ተመራማሪዎች አንዱን ሁለት ጊዜ ሳይቆጥሩ ብዛቱን እንዴት ይናገራሉ? ገሰላስ ሌላ እንስሳ ነው?» — ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም የሚለው አባባል ለቆጠራው ሥራ መሠረት ሆኗል ብንል ማጋነን አይሆንም። የአንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ ዕድሜውን ሙሉም አይለወጥም። የግራ ጎኑ ከቀኝ ጎኑ ስለሚለይ ግን አንዱን ጎን ብቻ ያነሣ ካሜራ አንዱን ነብር ሁለት አድርጎ ሊያስቆጥር ይችላል። ስለዚህ በሙቀትና በእንቅስቃሴ የሚነቁ ሁለት ካሜራዎች በመተላለፊያው ግራና ቀኝ፣ ከመሬት 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ፊት ለፊት ይታሰራሉ። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር አያልፍም፤ ቢረዝም በመካከሉ የሚወለደው፣ የሚሞተውና የሚሰደደው ስሌቱን ያበላሻል። ከዚያ የትኛው ነብር በየትኛው ካሜራ ስንት ጊዜ እንደታየ ታይቶ፣ ያልታዩት ጭምር በስሌት ይገመታሉ፤ ውጤቱም በ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ ይነገራል። ዘዴው መጀመሪያ የተሠራበት በነብር ሳይሆን በህንድ ታይገር ላይ ነው፤ ህንዳዊው ተመራማሪ ኡላስ ካራንት በናጋራሆሌ ብሔራዊ ፓርክ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል።

ገሰላ ራሱ ነብር ነው፤ ጥቁረቱ በዘር የሚተላለፍ ነው። ነጠብጣቡ በጥቁሩ ውስጥ አለ፤ የሌሊቱ ካሜራ በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያነሣው ፈክቶ ይታያልና እሱም ሊለይ ይችላል።

ከፓርክ ውጭ ካሜራ መትከል ከፓርክ ውስጥ የሚከብደው በነብሩ ምክንያት አይደለም። በዚያው መንገድ እንጨት የሚለቅሙ እናቶች፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎችና እረኞች ያልፋሉ። ሳይነገራቸው ፎቶ የተነሡ ሰዎች ካሜራውን ቢነቅሉት አንፈርድባቸውም፤ አስቀድሞ ቀበሌውን ሰብስቦ ካሜራውን ማስነካት፣ የሰው ፎቶ እንደሚጠፋም ቃል ገብቶ መፈጸም ያስፈልጋል። ድካሙ ግን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት መሠረት ነብር እስከ 75 በመቶ የሚደርስ የቀድሞ መኖሪያውን አጥቷል፤ ከቀረውም በጥብቅ ሥፍራዎች የታቀፈው 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በፓርክ ብቻ የሚቆጥር ሰው እንግዲህ አብዛኛውን አገሩን ሳያይ ቀረ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ነብሩ ተይዞ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቢወሰድ ሁሉም አይገላገልም?» — ወይዘሮ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እንዲህ ያለው መፍትሔ ለሰሚው ይጥማል፤ ህንዶች ግን ሞክረውት ተጸጽተዋል። በማሃራሽትራ ግዛት በጁናር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነብሮች ከሸንኮራ እርሻ እየተያዙ ወደ ደን ሲወሰዱ በሰው ላይ የሚደርሰው ጥቃት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ በተለቀቁበት አካባቢም ጭምር። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። የተወሰደው ነብር በሌላ ነብር ይዞታ ላይ ይጣላል፤ ወይ ይዋጋል፣ ወይ ወደ ቀድሞ ቀዬው ሲመለስ በማያውቃቸው መንደሮች በኩል ያልፋል። የለቀቀውን ገደል ደግሞ ሌላ ነብር፣ ብዙ ጊዜም ልምድ የሌለው ወጠጤ፣ ይይዘዋል። በዚያው ግዛት አኮሌ በተባለው የእርሻ አካባቢ ቪዲያ አትሬያና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር 5 ያህል ጎልማሳ ነብሮች ከገበሬው ጋር እንደሚኖሩ ተገኝቷል፤ ከሁሉ በላይ የሚበሉትም የመንደር ውሻ ነበር።

ሆኖም ነብር ጎተራ ወይም ጎጆ ውስጥ ገብቶ የተገኘ እንደሆነ ጥያቄዎ አጣዳፊ ይሆናል። የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም እንደሚባለው፣ በዱላና በድንጋይ ከብቦ መውጫ ማሳጣት ራሱ አደጋውን መጥራት ነው። በሩን ከፍተው፣ ውሻውን አስረው፣ ሰዉን አርቀው እስኪጨልም ይጠብቁ፤ መንገድ ያገኘ ነብር በጨለማ ይሄዳል።