ኳሱ ይታይ፤ በሐዋሳ ጀግሊንግ ለምትቀርጹ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ፍቅር ሐይቅ ዳር ስልካችሁን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ ጀግሊንግ፣ ማለትም ብዙ ኳስ በተራ እየወረወሩ መቅለብ፣ የምትቀርጹ ብዙ ናችሁ። እጃችሁ ጎበዝ ነው። ቪዲዮው ላይ ግን ያ ጉብዝና ግማሹ ይጠፋል። እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው፦ ተድበስብሶ ከሚታይ አምስት ኳስ ጥርት ብሎ የሚታይ ሦስት ኳስ ይበልጣል። የኳስ ቁጥር ለመጨመር ከመቸኮላችሁ በፊት ያላችሁን አሳዩ።

ከኳሱ እንነሳ። የቴኒስ ኳስ 58 ግራም ገደማ ስለሆነ መዳፍ ላይ ይነጥራል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳም መንገዱን ይስታል። ለእጅ የሚመቸው ከ110 እስከ 130 ግራም ነው። የቴኒሱን ኳስ በምላጭ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቁት፣ ወረቀት እንደ ፈነል ጠቅልላችሁ ሩዝ ወይም ዳጉሳ አፍስሱበት፣ ሚዛኑ 120 ግራም ሲል አቁሙ። ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ዝጉና አንገቱ የተቆረጠ ፊኛ ሁለት ጊዜ ደርቡበት። በሦስቱ ኳሶች መካከል ከ5 ግራም በላይ ልዩነት ካለ እጅ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ይለቃል፤ ያን ጊዜ ልምምዳችሁን አትውቀሱ፣ መልሳችሁ መዝኑ። እህል የተሞላ ኳስ ውሃ ከገባበት መሽተት ይጀምራልና ሐይቁ ውስጥ የወደቀውን ቀድዳችሁ እህሉን ለውጡት።

ቀለሙን ስትመርጡ ኳሱ በሁለት ጀርባ ፊት እንደሚያልፍ አትርሱ፤ ታች ልብሳችሁ፣ ላይ ሰማይ። ነጭ ኳስ ጥቁር ቲሸርት ላይ ያምራል፣ ከጭንቅላት በላይ ሲወጣ ግን ነጣ ካለው ሰማይ ጋር ይቀላቀላል። አረንጓዴው ዛፍ ውስጥ ይሰወራል። ጠቆር ያለ፣ ጽሑፍና ሥዕል የሌለው ልብስ ከቀይ ወይም ከብርቱካናማ ኳስ ጋር ለሁለቱም ይሆናል።

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደሚያደናግረው ነገር እንምጣ። ከእጅ 1 ሜትር ከፍ ብሎ የሚመለስ ኳስ አየር ላይ የሚቆየው 0.9 ሰከንድ ነው። ከእጅ ሲወጣና እጅ ሲገባ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ይደርሳል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆም ይላል። የስልኩ ሸተር፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ከሆነ ኳሱ እጅ አጠገብ በዚያች ቅጽበት 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ማለትም ከራሱ ስፋት በላይ። ስለዚህ ላይ ክብ ሆኖ የታየው ኳስ በእጅ ሲያዝ ጭረት ይሆናል፤ ሰው ሊያየው የሚፈልገው ደግሞ አያያዙን ነው። በ1/200 ጉዞው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናልና ደጅ ላይ በዚህ ቅረጹ። ስልኩ በራሱ ካሜራ ሸተር የማያስመርጥ ከሆነ የሚያስመርጥ አፕ ጫኑ።

አዳራሽ ውስጥ ነገሩ ይለያል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። በ1/200 ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሲንሸራተት የምታዩት ለዚህ ነው። እዚያ 1/100 ላይ አድርጉ፣ የፍሬሙንም (በሰከንድ የሚነሡትን ምስሎች) ቁጥር ከ30 ወይም ከ60 ወደ 25 ወይም 50 ቀይሩ።

ስልኩን አቁማችሁ፣ በደረት ቁመት፣ ለሦስት ኳስ 3 ሜትር፣ ለአምስት 4 ሜትር ራቁ። የኳሱ ጫፍና ሁለቱም እጆች አንድ ላይ ካልገቡ ቀረጻው አልሆነም በሉ። ቦታ ሲጠብ 0.5 የምትለዋን ሌንስ አትጠቀሙ፣ ዳር ላይ ያለውን ኳስ እንቁላል ታስመስለዋለች። ፎከሱንና ብርሃኑን ፊታችሁ ላይ ቆልፉ፤ ካልቆለፋችሁ ስልኩ የሚበረውን ኳስ እያሳደደ ይደበዝዛል።

ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ማታ ማታ ፀሐይዋ ከሐይቁ ወዲያ ትገባለች። ሐይቁን ጀርባ አድርጎ በዚያ ሰዓት የሚቀርጽ ሰው ጥላውን ነው የሚቀርጸው። ጥላ ካልፈለጋችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ቅረጹ፣ ፀሐይዋ በትከሻችሁ በኩል ትሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነች ቀና ስትሉ ኳሱ ይጠፋባችኋል። አሞራ ገደል የምትቀርጹ ደግሞ ያን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን ተጠንቀቁ፤ ከኋላችሁ ቀስ እያለ ሲያልፍ ኳሱን የሚያይ አይኖርም።

ስለ ሙዚቃ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። በተለመደው የሦስት ኳስ ካስኬድ፣ ኳሶቹ በተራ ከእጅ ወደ እጅ በሚሻገሩበት አወራወር፣ እያንዳንዱ ኳስ የሚወረወረው በየሦስተኛው ውርወራ ነው፣ እጅ እየቀያየረም ነው። ችክችካ ደግሞ ስድስት ምት ሆኖ አንደኛውና አራተኛው ላይ ይመታል። እንግዲህ ሁለት ነጭና አንድ ቀይ ኳስ ያዙ፣ በየምቱ አንድ ኳስ ልቀቁ፣ ቀዩን በመጀመሪያው ምት ወርውሩት፤ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ፣ ከበሮው ጠበቅ ባለ ቁጥር ቀዩ ይወጣል። ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ትከሻው ይንቀሳቀሳል። ዘፈኑ ከፈጠነባችሁ ውርወራውን ዝቅ አድርጉ፣ ከዘገየ ከፍ አድርጉ፤ እጅ በማጣደፍ ግን አትከተሉት። ዘፈኑን እየቀረጻችሁ አሰሙ እንጂ በኋላ አትለጥፉ።

ግልጽ የአክሪሊክ ኳስ በእጅና በክንድ ላይ የምታንከባልሉም አላችሁ። በ1986 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው ላቢሪንዝ ፊልም ዴቪድ ቦዊ እጅ ላይ የምትዞረው ብርጭቆ መሳይ ኳስ የጀግሊንግ ባለሙያው የማይክል ሞሸን ሥራ ናት፤ ሰውየው ከተዋናዩ ጀርባ ተደብቆ የራሱን ክንድ አሾልኮ፣ ኳሱን ሳያይ ነበር የሚያዞረው። ኳሱ አየር ላይ የቆመ የሚመስልበት ጥበብ የሚሠራው ካሜራውም ሲቆም ነው። ስልኩን ሰው በእጁ ከያዘው ሁሉም ነገር ስለሚንቀሳቀስ የእናንተ ኳስ መቆሟ አይታወቅም። ከኋላ ግንብ ወይም አጥር ይኑር። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነችው ከ600 ግራም በላይ ትመዝናለችና በ7.5ቷ ተለማመዱ። ፀሐይ ላይ ጨርቅ ወይም ሣር ላይ ጥላችኋት አትሂዱ፤ እንደ አጉሊ መነጽር ብርሃን ሰብስባ ታቃጥላለች።

ስትቆርጡ ኳሶቹ በእጅ ባሉበት ቦታ ቁረጡ። ከባዱ ዘዴ መሐል የገባ ቁራጭ ሰው ሁሉ “ወደቀበት” ብሎ ይተረጉመዋል። ማፍጠንም አይጠቅምም፦ በ25 ፍሬም 1 ሜትር የወጣ ኳስ ከእጅ እስከ እጅ 22 ፍሬም ያህል መውሰድ አለበት፣ 15 ብቻ ከሆነ የሚቆጥር ሰው ያውቃል። ኳስ ቢወድቅም ካሜራውን አታጥፉ፣ አንስታችሁ ቀጥሉ። የመጨረሻውን ኳስ ከያዛችሁ በኋላም ሦስት ሰከንድ ቆማችሁ እጃችሁን አሳዩ፣ ከዚያ አጥፉት።