«ደም ሥሩ ደህና ነው» ተብሎ እይታ የሚደክመው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ እናትሽ ስኳር ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሐኪሙ ሬቲናቸውን (ከዓይን በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) አይቶ «ደም ሥሩ ላይ የሚታይ ጉዳት የለም» ብሏል፤ እሳቸው ግን መሸት ሲል የደረጃው ጠርዝ አልለይ ይላቸዋል። ታዲያ የተጎዳው የሬቲናው ነርቭ ነው ወይስ ደም ሥሩ?

በመጀመሪያ ሌላውን ምክንያት አስወጡ። የዓይን ሞራ፣ ግላኮማ (ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚያያዝ የዓይን ነርቭ ጉዳት)፣ ያረጀ መነጽር ሁሉ ይህንኑ ስሜት ያመጣሉ። እነዚህ ከሌሉ፣ ስኳር ነርቩን ደም ሥሩ ላይ ምንም ሳይታይ ሊነካው ይችላል።

ሬቲና ከክብደቱ አንጻር ኦክስጅን በብዛት ከሚፈጁ የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። የራሱ ደም ሥሮች ግን እንደ ሌላው አካል ከውጭ በሚመጣ ነርቭ አይታዘዙም። የነርቭ ሴሎቹ ሥራ ሲበዛባቸው፣ ሙለር ከሚባሉት ደጋፊ ሴሎች ጋር ሆነው ደም ሥሩን «ስፋ» ይሉታል። ስኳር የሚያበላሸው ይህን መግባባት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሲበራ ጤነኛ ደም ሥር ይሰፋል፤ ስኳር ባለበት ሰው ግን ፎቶ ላይ አንዲት ነጥብ ሳትታይ እንኳ መስፋቱ ሊቀንስ ይችላል። የሬቲናን የኤሌክትሪክ ምላሽ ቦታ በቦታ የሚለካው ምርመራም ምላሹ የዘገየበትን ቦታ ያሳያል፤ ጉዳቱ በኋላ ብዙ ጊዜ እዚያው ይወጣል። በሁሉም ሰው ግን ነርቩ አይቀድምም፤ ደም ሥሩ የሚቀድምባቸውም አሉ።

ቀጥሎ ቀጭኖቹን ደም ሥሮች አቅፈው የያዙት ፔሪሳይት የሚባሉ ሴሎች ይሞታሉ። ግድግዳው ይሳሳል፣ ያብጣል፣ ያፈሳል። ሌላው ደግሞ ይዘጋል፤ ኦክስጅን ያጣው ሬቲና፣ በተለይ የሙለር ሴሎቹ፣ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ። የእርዳታ ጥሪ ነው፤ የሚመጣው እርዳታ ግን በቀላሉ የሚደማ አዲስ ደም ሥር ነው።

ሌዘርን ብዙ ሰው «የሚያፈስ ቧንቧ መድፈኛ» አድርጎ ያስበዋል። ለአዲስ ደም ሥር የሚሠራው ሌዘር ግን ዋና ሥራው ሌላ ነው፦ በሬቲናው ዳር ከ1,200 እስከ 1,600 የሚደርሱ ነጥቦችን አቃጥሎ ኦክስጅን የሚፈጁትን ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ይቀንሳል፤ ጥሪውም ይቀንሳል። ዋጋው የማታ እና የዳር እይታ መድከም ነው፤ ይህንን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሌዘሩ አሳወረኝ ይላል።

በዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ቪኢጂኤፍን ያስራል። ለምሳሌ ቤቫሲዙማብ 1.25 ሚሊግራም በ0.05 ሚሊሊትር ይሰጣል፤ የሚወጋው ከጥቁሩ ክፍል ጠርዝ 3.5–4 ሚሊሜትር ርቆ ነጩ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ በየወሩ ነው። ሕክምናው በብዛት የሚበላሸው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ነው፤ ሰው ተሻለኝ ብሎ ይቀራል፣ መድኃኒቱ ያልቃል፣ የቪኢጂኤፍ ምንጩ ግን እዚያው ስለሆነ ከደም ሥሩ በሚያፈሰው የሚመጣው የሬቲና እብጠት ይመለሳል። እብጠቱ ደርቆ እይታ ያልተመለሰ እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ መርፌው ስላልሠራ ሳይሆን የሞተ ነርቭ ስለማይተካ ነው። ከመርፌ በኋላ ባሉት ቀናት እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላትና የእይታ መቀነስ ከመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ለእናትሽ አሁን የዓይን ግፊት፣ ብሌን አስፍቶ ማየት፣ ከተገኘም ኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብሮችና እብጠት በብርሃን የሚያሳይ ምስል) ይጠየቅላቸው። ፊደሉ እየደበዘዘ የሚሄድ የንፅፅር ሰንጠረዥ ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ የተለመደው ሰንጠረዥ የድንግዝግዝ ችግርን አያሳይም። የሦስት ወር የስኳር ልካቸው በጣም ከፍ ያለ ከሆነና በኢንሱሊን ቶሎ እንዲወርድ ከታሰበ፣ ሬቲናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊባባስ ይችላል። መድኃኒቱን ማቆም አይደለም መፍትሔው፤ ሕክምናው ሳይጀመር ዓይኑ ይታይ፣ ከዚያም ከዓመታዊው ቀጠሮ ቀረብ ባለ ጊዜ ይደገም።