ለጅማ ክረምት የምመርጥልሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። «ለሥራ ጅማ ተመድቤያለሁ፤ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም ይሉኛል፤ ዕድሜ ልካችሁን ከምትወዱት መጽሐፍ፣ ፊልምና ሙዚቃ ምረጡልኝ» ብለሻል። ብዙ ሰው ሃያ ሠላሳ ርዕስ ደርድሮልሻል። እኔ ጥቂት ነው የምነግርሽ። በተለያየ ዕድሜዬ ተመልሼባቸው ሁልጊዜ አዲስ የሆኑብኝን ብቻ።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጅማ፣ ሕርማታ ነው። አባቴ አናጺ ነበር። የጅማን በርጩማ ይሠራ ነበር። የሥራ ቤቱ ሬዲዮ ሰጋቱራ ለብሶ ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል። አባቴ እየሰማው መጋዙን ይስባል። ልብ ወለድ የሚተርከው የተዋናዩ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲመጣ ግን መጋዙን ያስቀምጣል። በሌላ ፕሮግራም ሥራ ሲያቆም አይቼው አላውቅም። ፍቅር እስከ መቃብርን መጀመሪያ ያወቅኩት እንዲህ ነው፣ በጆሮዬ። ደንበኛ ቢመጣ እንኳ «አንዴ ቆይ» ይባላል። ደንበኛውም ቆሞ ይሰማል።

ያን ጊዜ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ልቤ ከበዛብህ ጋር ነበር። እሱ ስለሚወዳት ስለ ሰብለ ወንጌል ስሰማ ደግሞ የሰፈራችንን አንዲት ልጅ ነበር የማስበው። መጽሐፉን ራሴ ያነበብኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ያኔ በዛብህ ትንሽ ራቀኝ፤ ጉዱ ካሳ ቀረበኝ። ካሳ ዳምጤ ያየውን እውነት ስለተናገረ ብቻ «ጉዱ» ተብሎ ቀረ። በዚያ ዕድሜ እያንዳንዱ ወጣት ራሱን እንደ ጉዱ ካሳ ያያል መሰለኝ።

ሦስተኛው ንባቤ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አሁን ያላሰብኩት ቦታ ላይ አለቀስኩ። ገና መጀመሪያው ላይ፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር የተሳሉበት ቦታ። በልጅነቴ «መቼ ነው ፍቅሩ የሚጀምረው» እያልኩ ያለፍኩት ክፍል ነው። ልጄ ታሞብኝ ሌሊት ስቀመጥ ግን ያ ስለት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከፍቅር የመጣ ስለት ነው፤ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ የሚያስረውም እሱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻንም በሌላ ዓይን አየሁት። ለልጁ ለሰብለ በዘር የሚመጥን ሰው አጥቶ ቤቱ ያስቀራት አባት ነው። አሁንም አናደደኝ፤ ግን አባትነቱ ታየኝ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን በ1958 ዓ.ም. ነው ያሳተሙት። ወፍራም ነው፣ አትፍሪው። የጎጃም አነጋገሩ መጀመሪያ ላይ ከከበደሽ በወጋየሁ ትረካ ጀምሪ፤ ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ታገኚዋለሽ። ሁለት ሦስት ክፍል ከሰማሽ በኋላ መጽሐፉን ስትከፍቺ ሰዎቹ በየራሳቸው ድምፅ ይናገሩሻል።

ሁለተኛው መጽሐፌ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ነው። በዓሉ የእኛው አካባቢ ሰው ነው ብዬ እኮራለሁ፤ ኢሉባቦር ነው የተወለደው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። እሱ ራሱ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እኔ ጋ የደረሰው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። ሦስት ሌሊት ብቻ ነው የተሰጠኝ። መብራት ጠፍቶ በሻማ አነበብኩት። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። ያኔ የወሰደኝ ፍቅሩ ነበር፣ የተከለከለ ነገር መያዙም ልቤን ያስመታው ነበር። ዛሬ ሳነበው ግን ፍርሃቱ ነው የሚሰማኝ፤ ሰው ስብሰባ ላይ ያየውን እያወቀ ሌላ ሲናገር። አሁን በነፃነት ይሸጣል። ግዢውና በሁለት ቀን ጨርሺው፤ ቀስ ተብሎ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም።

ከፊልም አንድ ብቻ፤ የኃይሌ ገሪማ ጤዛ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው፤ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር ጀርመን ተምሮ ጣና አጠገብ ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩን አጥቷል፣ ትዝታውም ተበጣጥሷል። የመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት በግድ ከሚወስዳቸው አፈሳ ይደበቃሉ። ታሪኩ ወደፊትም ወደኋላም ስለሚሄድ መጀመሪያ ግራ ሊያጋባሽ ይችላል፤ ታገሺው። እኔ ያየሁት ከውጭ አገር ከተመለሰ ታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። እዚያ ሃያ ዓመት ሲኖር ያሳለፈውን ነገር አውርቶልን አያውቅም። ፊልሙ ሲያልቅ ዝም አለ። ከዚያ «እንደገና ክፈተው» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አብረን አየነው። ጠዋት ቡና እየጠጣን ማውራት ጀመረ። ስለዚህ ፊልም ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ሙዚቃ ላይ ጅማ ሆነሽ ሙላቱ አስታጥቄን ካልሰማሽ ትልቅ ነገር ያመልጥሻል። የተወለደው እዚሁ ጅማ በ1936 ዓ.ም. ነው። ብዙ የከተማችን ልጅ ይህን አለማወቁ ይቆጨኛል። «የከርሞ ሰው» በሚለው ጀምሪ። ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች የወጣው ዜማ በአምስት ድምፅ ብቻ ይሄዳል፤ ከሥሩ ግን የጃዝ አጃቢ አለ። አንዱ ሌላውን ሳይውጠው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቫይብራፎኑን፣ በዘንግ የሚመታውን የብረት መሣሪያ፣ ስሰማ ደግሞ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ያለው የመጀመሪያው ጠብታ ይመስለኛል። ማታ አምፖል አጥፍተሽ ስሚው።

አሊ ቢራንም ጨምሪ። ድሬዳዋ ያፈራችው ነው፤ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው ያረፈው። ኡድ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይዞ በኦሮምኛ ሲዘፍን በልጅነቴ ዜማውን እንጂ ግጥሙን አልከተልም ነበር። የጎረቤታችን እናት ቡና እያፈሉ መስመር በመስመር ይተረጉሙልኝ ነበር። ኦሮምኛዬ ከዚያ ነው የጀመረው። አንቺም ጎረቤትሽን ጠይቂ። እዚህ ከተማ «ይህ ዘፈን ምን ይላል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ቡና ሳይቀርብለት አይቀርም።

ፍቅር እስከ መቃብር ሁለት ቅጂ አለኝ። አንዱ የአባቴ ነው፣ ሰጋቱራው አሁንም ከገጾቹ መሃል ይረግፋል። እሱን ለማንም አላውስም፤ አንዴ አውሼ ለማስመለስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሌላውን ግን ስትደርሺ ጻፊልኝ፣ አመጣልሻለሁ።