ጠይቁን፦ ስለ ቻርሊ ቻፕሊን

ከፍኖተ ሰላም የደረሰን
*የቻርሊ ቻፕሊንን ፊልሞች በስልኬ አያለሁ። ሰዉ ሁሉ እንደ ቆቅ ይፈጥናል። ያኔም እንዲህ ነበር ወይስ የስልኬ ችግር ነው?*

ስልክዎ ጤነኛ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራው የሚሠራው በእጅ በሚዞር መዘውር ስለነበር፣ በሰከንድ የሚነሣው ምስል አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ነበር። ዛሬ ፊልም የሚታየው በሰከንድ 24 ምስል ነው። በ16 የተነሣው በ24 ሲታይ 60 ሰከንድ የፈጀው ነገር በ40 ሰከንድ ያልቃል። የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ 0.75 ዝቅ ያድርጉና ይሞክሩት። ግን አስቀድመው ከኋላ የሚያልፉትን መንገደኞች ያስተውሉ። አረማመዳቸው የደንብ ከሆነ ቅጂው ቀድሞ ተስተካክሏልና አይንኩት። ደግሞ የማሳደድ ትርኢት ሲሆን ፊልም ቀራጮቹ ሆን ብለው መዘውሩን ቀስ ያደርጉት ነበር፤ ያ ፍጥነት የቀልዱ አካል ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ
*ለወላጆች ቀን እንደ ቻርሊ ያለ፣ ንግግር የሌለው የ10 ደቂቃ ቀልድ ልናቀርብ ነው። ባርኔጣና ከዘራ አግኝተናል፤ ልምምዱ ላይ ግን የሚስቅ ጠፋ። ምን ጎደለን?*

መጀመሪያ 10 ደቂቃውን 4 አድርጉት። ከዚያ ባርኔጣውንም ተዉት፤ የጎደላችሁ ልብስ አይደለም።

ቻፕሊን ያንን አለባበስ በ1914 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ሲመርጥ ገና የ24 ዓመት ልጅ ነበር። ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ጠባብ፣ ባርኔጣው ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ፤ ሁሉም እርስ በርሱ ይጣላል። ሪዙን ያደረገው ዕድሜውን ከፍ ለማድረግ ነው። የሚያስቀው ግን ሰውየው ራሱ ነው፦ ኪሱም ሆዱም ባዶ ሆኖ ኮራ ብሎ ክራቫቱን ያስተካክላል። በ1925ቱ ፊልሙ ጫማ ቀቅሎ ሲበላ እንኳ ምስማሮቹን እንደ ዶሮ አጥንት እየመጠመጠ፣ የክብር እንግዳ መስሎ ነው የሚበላው። (ጫማው ሊኮሪስ ከሚባል የሥር ጣፋጭ የተሠራ ነበር።)

ይህን ሰው ጎጃም ውስጥ ለማግኘት ሩቅ አትሂዱ። ቁርስም ምሳም ሳይቀምስ ሰው ቤት ገብቶ «በልቼ ነው የመጣሁ» የሚለውን ይሉኝተኛ እንግዳ አቅርቡት። ቃል ስለሌለ ሁሉን ነገር ጉርሻ ይናገር።

ባለቤቱ ያጎርሰዋል። እንግዳው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ እምቢ ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ጉርሻው አፉ ድረስ ሲመጣ ፊቱን ያዞራል፤ ዓይኑ ግን ጉርሻውን ይከተላል። በሦስተኛው ተሸንፎ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ይከፍታል፤ ባለቤቱ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ጉርሻውን ለራሱ ጎርሷል። እንግዳው አፉን እንደከፈተ ዓይኑን ይገልጣል። እዚህ ላይ ተዋናዩ ሁለት ሰከንድ ያህል ተመልካቹን ይይ። ይህችን ዝምታ ከዘለላችኋት ሳቁ አይመጣም፤ ሰው የሚስቀው ነገሩ ከገባው በኋላ ነው። አራተኛ ጉርሻ አትጨምሩ፤ ተመልካቹ ይቀድማችኋል።

ለሆዱ ጩኸት ከመጋረጃ ጀርባ ከበሮ በጣት መታ መታ ይደረግ። ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ካላችሁም ከጎን ይቀመጥ፤ እንግዳው ሲቆም ማሲንቆውም ቀጥ ይበል።

አዳራሽ ውስጥ የጣት እንቅስቃሴ ከአምስተኛው ረድፍ ወዲያ አይታይም። በሙሉ ክንድና በትከሻ ሥሩት። ጫማው ከልክ በላይ ከሆነ የእውነት ያደናቅፋል፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ይብለጥ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቁበት። መውደቅ ካለ ከሲሚንቶ በፊት ሣር ላይ ተለማመዱ። ጉልበት ይታጠፍ፣ መቀመጫ ይቅደም፣ አገጭ ደረት ላይ ይጣበቅ፣ ጀርባ ይንከባለል። መዳፍን አስቀድሞ መሬት መደገፍ የእጅ አንጓ ይሰብራል። መድረኩ ላይ ፍራሽ አንጥፋችሁ በምንጣፍ ሸፍኑት።

ተዋናዩ በራሱ ቀልድ ፈገግ ካለ ከመጀመሪያው ጀምሩ። መደጋገሙ ከሰለቻችሁ ይህን አስቡ፦ ቻፕሊን በ1931 በወጣው ፊልሙ ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ከሰውየው ጋር የምትገናኝበትን አንድ ትርኢት 342 ጊዜ አስቀርጾታል።

ከዳንግላ
*ሀብታም ቤት ነው የተወለደ?*

በፍጹም። በ1889 ለንደን ውስጥ ተወለደ፤ አባትና እናቱ የመድረክ ዘፋኞች ነበሩ። አባቱ ጥሏቸው ሄዶ ነበር፤ እናቱ አእምሮዋ ታመመ። ቻርሊ በ7 ዓመቱ የድሆች መጠለያ ገባ። ገንዘቡ የመጣው በኋላ ነው፣ ያውም እንደ ጎርፍ፦ በ1914 በሳምንት 150 ዶላር፣ በ1915 1,250፣ በ1916 10,000 ዶላር።

ከሞጣ
*አሜሪካ ያባረረችው ምን አድርጎ ነው?*

ፍርድ ቤት የወሰነበት ነገር አልነበረም። ለ40 ዓመት ግድም አሜሪካ ሲኖር ዜግነት አልወሰደም፤ በዚያ ላይ ኮሚኒስት ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር። በመስከረም 1952 ፊልሙን ለማስመረቅ ለንደን ሲሄድ መንገድ ላይ ሳለ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘ። ስዊዘርላንድ ኖረ። አሜሪካን ዳግም የረገጠው በ1972 የክብር ኦስካር ሊቀበል ነው። በ1975 ንግሥት ኤልሳቤጥ «ሰር» አሉት፤ በ1977 የፈረንጆች ገና ዕለት ሞተ። ሌቦች ግን አስከሬኑንም አልማሩት። በመጋቢት 1978 ከነሣጥኑ ቆፍረው ወስደው ቤተሰቡን ገንዘብ ጠየቁ። ከ11 ሳምንት በኋላ በቆሎ ማሳ ውስጥ ተገኘ፤ ሁለተኛ ሲቀበር በላዩ ኮንክሪት ተሞላበት።