ሁለቴ የሚተኩስ ኔይል ገን እና እንፋሎት የሚለብስ መነጽር

ቨርጂኒያ ውስጥ በፍሬሚንግ (የቤት የእንጨት አጽም ማቆም) ሥራ ላይ ያለ አንባቢ እንዲህ ይጠይቃል፦ «ኔይል ገኑ (በአየር ግፊት የሚሠራው የሚስማር መተኮሻ) አንዳንዴ አንድ ስተኩስ ሁለት ይተፋል። የተሰጠኝ የደኅንነት መነጽርም በላብ እንፋሎት ይለብሳል። በሐኪም መነጽሬ ብቻ ብሠራስ?»

ወንድሜ፣ ከመነጽሩ በፊት ቃታው ይታይ። ሁለቴ የሚተኩሰው አብዛኛውን ጊዜ ባምፕ ቃታ ያለው ነው፤ ቃታውን ይዘህ አፍንጫው እንጨት በነካ ቁጥር ይተኩሳል። መሣሪያው ተኩሶ ወደ ኋላ ይዘላል፣ ጣትህ ቃታው ላይ እንዳለ ሲመለስ አፍንጫው እንደገና ይነካል፣ ሁለተኛው ይወጣል። እሱ ደግሞ የፊተኛውን ሚስማር ራስ፣ የእንጨት ጉጥ ወይም የብረት ማሰሪያ ካገኘ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ዓይነቱን ለመለየት በቃታው ቀለም አትመን። ሚስማሩን ሁሉ አውጣ፣ አየሩን አገናኝ፣ ቃታውን ሳብ፣ ከዚያ አፍንጫውን ቁራጭ እንጨት ላይ ተጫን። ከተኮሰ አብዛኛውን ጊዜ ባምፕ ነው። (ሚስማር ሲያልቅ በሚቆለፍ ሞዴል ይህ ሙከራ አይሠራም፤ መመሪያውን እይ።) መፍትሔው ፉል ሴኩዌንሻል ቃታ ነው፣ መጀመሪያ አፍንጫው ተጭኖ ከዚያ ቃታው ሲሳብ ብቻ አንድ ሚስማር የሚተኩሰው፤ ለብዙ ሞዴሎች ለብቻው ይሸጣል። የአየር ቱቦው ሳይነቀል እንዳይገጠም። ፎርማኑ «ያዘገያል» ማለቱ አይቀርም፤ በጥቂቱ ያዘገያል፣ ይሁን።

የሐኪም መነጽር ብቻውን አይበቃም። ሌንሱም ፍሬሙም ላይ «ዜድ87» (Z87፣ የአሜሪካ የዓይን መከላከያ ደረጃ) የሚል ጽሑፍ፣ ሌንሱ ላይ ደግሞ የመደመር ምልክት ፈልግ። መደመሩ 6.35 ሚሊሜትር የብረት ኳስ በሰከንድ 46 ሜትር ገደማ ተወርውሮበት አልፏል ማለት ነው። ይህ ለፍንጣሪ ነው፤ ሚስማሮቹን የሚያያይዘው ሽቦና ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይን ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ በጎን ስለሆነ የጎን መከለያም ያስፈልጋል። ከሐኪም መነጽር በላይ የሚደረብ ዓይነት አለ፤ ተራውን የደኅንነት መነጽር በሕጉ አሠሪው ነው የሚከፍለው። ለእንፋሎቱ ፀረ-እንፋሎት ቅብ ያለውን ጠይቅ። በደረቅ ቲሸርት አትጥረገው፤ ቅቡ የሚጠፋው በዚያ ነው።

ፍንጣሪ ዓይንህን ከመታህ አትሸው። እይታህ ከደበዘዘ ወይም የዓይንህ ጥቁር ክብ ቅርጹን ከለወጠ፣ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም ብረቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ 911 ደውል። የተሰካ ነገር አይነቀልም፣ አይታጠብም፣ አይጫኑትም፤ ዓይኑን ሳይነካ በወረቀት ኩባያ ይሸፈናል። ቀዶ ሕክምና ሊኖር ስለሚችል ምንም አትብላ፣ አትጠጣ። ለሐኪሙ ብረት መሆኑን አስቀድመህ ንገረው፤ ኤምአርአይ ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል የሚታየው በሲቲ ስካን ነው።