መልስ፦ ፍሪሜሶኖች አንድ የዓለም አለቃ አላቸው?

ወንድምዓለም፣ «ፍሪሜሶኖችን (የአንድ የወንድማማች ማኅበር አባላትን) ከላይ ሆኖ የሚያዝ አንድ ሰው አለ ወይ?» ላልከው፣ የለም። በብዙ አገሮች ራሱን የቻለ «ታላቁ ሎጅ»፣ ማለትም የሎጆች (የአካባቢ ቡድኖች) የበላይ አካል፣ አለ። የመጀመሪያው በ1717 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተመሠረተ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በየግዛቱ ነው፤ አገር አቀፍ አለቃ የላቸውም። እንዲያውም የእንግሊዙ ታላቅ ሎጅ ለፈረንሳዩ የፍሪሜሶኖች የበላይ አካል፣ ለግራንድ ኦሪየንት፣ ከ1870ዎቹ ወዲህ እውቅና አይሰጥም። ታዲያ ሁሉም በአንድ ሰው ይታዘዛል የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

ዋናው ነገር ያለው ታች፣ በአካባቢው ሎጅ ነው። በአደረጃጀቱ የእኛን የወሎ ቅሬ (እንደ እድር ያለውን) አስብ፤ ሎጁም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ሰብሳቢው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይመረጣል፤ ሁለት ረዳቶችም አሉት። ስብሰባ ሲኖር ከበሩ ውጭ ሰይፍ የያዘ ጠባቂ ይቆማል። አዲስ ገቢው ከተለማማጅነት ተነስቶ በሦስት ማዕረግ ያድጋል።