ቡታን ኦስካር ደረሰች፤ እኔስ ትምህርቴን ላቋርጥ?

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነሽ፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ይቀርሻል። «ሉናና» የተባለውን የቡታን ፊልም ካየሽ ወዲህ ግን ልብሽ ሸፍቷል። «800 ሺህ ሰው የማይሞላት አገር በፀሐይ ኃይል ቀርጻ ኦስካር ከደረሰች፣ እኔስ ካሜራ ይዤ ብወጣ?» ብለሻል።

አታቋርጪ።

ስለ ፊልሙ የጻፍሽው እውነት ነው። ፊልሙ የተቀረጸባት ሉናና የተባለች ሩቅ የተራራ መንደር ያኔ መብራት አልነበራትም። መንገዱም የብዙ ቀን የእግር ጉዞ ነው። ከተዋንያኑ ብዙዎቹ እዚያው የተገኙ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ በፊልሙ ውስጥ የትምህርት ቤቱ የክፍል አለቃ የሆነችው ያቺ ትንሽ ልጅም ጭምር። ይሄን ሲሰሙ «በቃ፣ ድፍረት ብቻ ነው የሚያስፈልገው» ማለት ይመጣል።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ዳይሬክተሩ ፓዎ ቾይኒንግ ዶርጂ ዩኒቨርሲቲ የገባው ፖለቲካል ሳይንስ ሊማር ነበር። ፎቶግራፍም ያነሳል። ከዚያ ኬንትሴ ኖርቡ ዘንድ ገባ። ኖርቡ የቡድሂዝም መምህርም ፊልም ሠሪም ነው፤ ቡታንን ወክሎ ለኦስካር በመጀመሪያ የቀረበው የእሱ ፊልም ነው። ያ የሆነው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቴሌቪዥንም ቡታን የገባው በዚያው ዓመት ነው! ዶርጂ በ2013 በወጣው የኖርቡ ፊልም ረዳት ዳይሬክተር፣ በ2016 በወጣው ደግሞ ፕሮዲውሰር ሆነ። የራሱን የመጀመሪያ ፊልም ያወጣው በ2019 ነው። ሒሳብ ትችያለሽ፣ ቁጠሪው።

አንቺን ይበልጥ የሚመለከትሽ ቀጥሎ ያለው ነው። «ሉናና» መጀመሪያ ለኦስካር ሲላክ ተመለሰ። ምክንያቱ የፊልሙ ጥራት አልነበረም። አገሪቱ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ያወቀው የፊልም መራጭ ኮሚቴ አልነበራትም። ኮሚቴው ተቋቋመ፣ ያው ፊልም በዓመቱ እንደገና ቀረበ፣ በ2022 ከአምስቱ እጩዎች አንዱ ሆነ። አየሽ፣ ያን ሁሉ ተራራ የወጣ ሥራ ወረቀት ላይ ነው የተሰናከለው።

ፊልም ሠሪ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ደረሰኝ በሥርዓት የሚያስቀምጥ ሰው አጥተው ሲቸገሩ ደጋግሜ አይቻለሁ። እዚህ ላይ ነው የአንቺ በር። ቅዳሜና እሑድ ቀረጻ ያለበት ቦታ ሄደሽ ሥራ ጠይቂ። ስትጠይቂ ግን «ዳይሬክተር መሆን እፈልጋለሁ» አትበይ። ያንን የሚል ሞልቷል። «የቀን ወጪያችሁን እኔ ልመዝግብላችሁ» በይ። ገንዘቡ የት እንደሚያልቅ፣ ለምን ቀረጻ እንደሚጓተት፣ ማን ከማን ጋር መሥራት እንደሚችል ከዚያ ወንበር ጥሩ አድርጎ ይታያል። ጎን ለጎን በስልክሽ የአምስት ደቂቃ ፊልም ሥሪ፤ የሠፈርሽን ሰዎች ይዘሽ።

ደግሞ የፊልሙን ታሪክ ረሳሽው እንዴ? ጀግናው ማስተማሩን ትቶ አውስትራሊያ ሄዶ መዝፈን የሚመኝ ወጣት ነው። ሉናና የተላከው የመንግሥት አገልግሎቱን እዚያ እንዲጨርስ ተብሎ ነው። ሳይወድ በግዱ ሄደ እንጂ፣ ቢቀር ኖሮ የምናየው ፊልም የለም።

የመጀመሪያውን የወጪ መዝገብ ስትሠሪ ላኪልኝ። አጭር ፊልሙንም፣ ቢያሳፍርሽም።